የጋራ ግድግዳ

ኔሪሳ ዶማዳይ የሞተችው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በገዛ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ነው። መጀመሪያ ያየቻት ዳቦ ልትገዛ ሄዳ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት።

ኢንስፔክተር ዴልፊን ማካራኤግ ሲደርስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር፤ መብራት ግን ገና አልመጣም። የኔሪሳ ሰፈር ካሳ ሉሲንዳ፣ ማኒላ ውስጥ ቤት መግዛት ያልቻለ ሰው ከከተማዋ ውጭ ካቪቴ ድረስ ወጥቶ የሚሰፍርበት መንደር ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ልክ የተሠራ፣ ሁሉም ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ። ዴልፊን ራሱ ከዚያ ብዙ በማይርቅ ሌላ እንዲህ ያለ መንደር ውስጥ ስለሚኖር፣ የሟቿ ቤት ሲገባ የት ምን እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«አለቃ፣ ወለሉን ተጠንቀቅ፤ ያዳልጣል» አለችው ሳጅን ፔርላ፣ ባትሪዋን እግሩ ሥር እያበራች።

ተቀቅሎ የተፈጨ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቦዬ ሥር ከነድስቱ ተገልብጦ ወለሉን አልብሶታል። ኔሪሳ ከቦዬ ጣፋጭ እየሠራች ለሰፈሩ ትሸጥ ነበር። በጀርባዋ ተንጋላለች፤ የራስ ቅሏ የሲሚንቶው መታጠቢያ ጠርዝ ላይ አርፏል። የጆሮ ጌጧ በጆሮዋ፣ ስልኳ በጠረጴዛዋ ላይ ነው።

«ሌባ አይደለም» አለ ዴልፊን።

«ገፍተዋት ነው። አንድ ግፊያ። የገፋት ሰው ግን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላያትም።» ፔርላ ባትሪዋን ወደ መውጫው በር አዞረች። «ይሄንንስ ምን ትለዋለህ?»

ከበሩ በስተግራ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ወይን ጠጅ የጣት ምልክቶች አሉ። አንድ ቦታ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ።

«አሻራ ይወጣዋል?»

«ተፋፍቋል። መስመር የለውም።»

«ሲሸሽ ግድግዳ ደግፎ ይሆናል» አለና አለፈው።

ውጭ፣ ከጎን ያለው ቤት ደፍ ላይ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የራሰ የዳቦ ከረጢት አቅፋ ተቀምጣለች። ጃኔላ ትባላለች። እናቷ ማኒላ ውላ እስክትመለስ ድረስ የምትጠብቃት ኔሪሳ ነበረች።

ዴልፊን አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ምሽት ሁለት ሰዓት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ስትሄድም ተኝቼ ነው።» ከረጢቱን አጥብቃ ያዘች። «ጋሼ፣ ዳቦው ራሰ።»

የሟች ባል ሩፊኖ የመርከብ ሠራተኛ ነው፤ ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ። የተገኘው ከመንደሩ መግቢያ፣ ከዘበኞቹ ጋር፣ ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ ነው። ጎረቤቶቹም ሳይጠየቁ ነገሩን ዘርግፈውላቸዋል። ረቡዕ ማታ ባልና ሚስት ሲጮኹ ያልሰማ አልነበረም። የጠቡ ምክንያት አርሴኒዮ የሚባል የቫን ሹፌር ነው። ከከተማ ጆንያ ሙሉ ቦዬ እያመጣ በሯ ድረስ ያራግፍላት ነበር።

የቫን ሹፌር ሲባል ዴልፊን ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። የሱም ሚስት ኦፌሊያ በየቀኑ ሳይነጋ በቫን ነው ማኒላ ውስጥ ወዳለው ፓሳይ የምትሄደው፤ ሹፌሩ ደግሞ ምንጊዜም የፊቱን ወንበር ይይዝላታል። ዴልፊን ይህን ካወቀ አምስት ወሩ ነው፤ አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በወጉ አልተኛም።

«ባልየውን አምጪልኝ» አለ።

*

ሩፊኖ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጣቢያው ወንበር ላይ ተጨማዶ ተቀመጠ።

«ከዘጠኝ እስከ አሥር የት ነበሩ?»

«ዘበኞቹ ጋ።»

«ዘበኞቹ እርስዎ ስምንት ተኩል ላይ ከመንደሩ ወጥተው አሥር ተኩል ላይ ተመለሱ ነው ያሉት።»

ሩፊኖ ከፀጉሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠረገ።

«ረቡዕ ማታ ለምን ተጣላችሁ?»

«ባልና ሚስት አይጣሉም?»

«ስለ አርሴኒዮ ነው። መርከብ ላይ ሆነው ስለሱ እያሰቡ ያድሩ ነበር። መጥተው ሲያዩት ደግሞ እውነት መሰለዎት። ዛሬ ጠየቋት፣ ሳቀች። አይደለም? ሳቀችብህ!» ዴልፊን ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዱን ራሱም አላስተዋለም።

ሩፊኖ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አዎ፣ ማታ ስቃብኛለች። ዛሬ ግን አላየኋትም። እግዜር ያውቃል አላየኋትም።»

«የት ነበርክ ታዲያ?»

ሩፊኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዴልፊን እስር ቤት እንዲያስገቡት አዘዘ። ፔርላ ኮሪደር ላይ ተከተለችው።

«አለቃ፣ ትንሽ አልፈጠንንም?»

«ቅናት ነው፣ ፔርላ። እኔ አውቀዋለሁ።»

«እሱን አይደል የምፈራው» አለች ፔርላ፤ ቀና ብሎ ሲያያት ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች።

*

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የጃኔላ እናት ፍሎርዴሊዛ መጣች። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፤ የምትሠራበትን የፓሳይ ጫማ መደብር ዩኒፎርም እንደለበሰች ነው። ነገሩን ሲነግሯት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለች። «የቤት ቁልፍ የተቀበልነው በአንድ ቀን ነው። ያኔ ሁለታችንም ከባዶ ግድግዳ በቀር ምንም አልነበረንም።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ከሥራ ወጡ?»

«እንደ ወትሮው በአሥራ አንድ። ይኸው ሁለት ሰዓት ገባሁ።»

«የረቡዕ ማታውን ጠብ ሰምተዋል?»

«ግድግዳው ሳል እንኳ አይሸሽግም። አዎ ሰማሁ። አላምንሽም ሲላት ሰማሁ።» ልጇን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ጃኔላ አልሸሸችም፤ ግን እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች።

ዴልፊን ቤቱ ሲገባ እራት ቀርቦ፣ የኦፌሊያ ፀጉር ታጥቦ ደርቆ አገኘ።

«ዛሬ በጊዜ ገባሽ?»

«በስድስት ሰዓት ለቀቁን። ዝናቡ ሲከፋ ፓሳይ ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤትና ሱቅ ሁሉ ተዘጋ።»

«በስድስት ለቀውሽ ስንት ሰዓት ደረስሽ?»

«በዘጠኝ ተኩል። መንገዱ ጎርፍ ነበር።»

«ሦስት ሰዓት ተኩል! ማን ጎን ተቀምጠሽ?»

ኦፌሊያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዴልፊን፣ እንዲህ ያለውን እንኳ ዩኒፎርምህን አውልቀህ ብትጠይቀኝ ምን አለ?»

አላመናትም። ሌላው ቀርቶ ዝናቡንም አላመነውም።

*

ዓርብ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አርሴኒዮን ፍለጋ ወደ ቫን መናኸሪያው ሄደ። የካሳ ሉሲንዳና የአካባቢው ሕዝብ ወደ ማኒላ የሚሳፈረው በዚህ ሰዓት ነው። ግማሹ ሰው ቆሞ ያንቀላፋል። ዴልፊን ኦፌሊያ የምትሄድበትን ቫን ለየው። የፊቱ ወንበር ላይ ናት። እንዳትታየው በአንድ ምሰሶ ተከለለ።

ሚስቱ አፏን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ ሞት የወሰዳት ያህል ተኝታለች። ሹፌሩ ሊነሳ ሲል የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰላት። ዴልፊን በዚያም ቀና።

አርሴኒዮ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ገና አላደረገም።

«ኔሪሳ የእህቴ ልጅ ጓደኛ ነበረች» አለ እያለቀሰ። «ቦዬ ባመጣሁላት ቁጥር ለልጅ ልጆቼ ጣፋጭ ትሰጠኝ ነበር። ሌላ ምን አለኝ ብለህ ነው ልጄ? ጉልበቴን እንኳ ቫን መውጣት አቅቶታል።»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ጎርፉ መንገዱን ስለዘጋው ቫኔ ውስጥ ተኝቼ። ማለቴ፣ እንደተኛ ሰው ሆኜ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባሏ እዚያ ጎማ ቤቱ ጥግ ቆሞ ያየኝ ነበር። ከዘጠኝ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት፣ በዚያ ዝናብ! ሊገድለኝ መስሎኝ ዓይኔን አልገለጥኩም።»

ጎማ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሠራተኞችም ይህንኑ ተናገሩ። እንዲያውም «ወንድም፣ ግባና ተጠለል» ብለውት እምቢ ብሏቸዋል።

ዴልፊን ጣቢያ ተመልሶ የእስር ቤቱን በር አስከፈተ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማን ይነገራል?» አለ ሩፊኖ። «ሚስቴ ስትሞት እኔ አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ስሰልል ነበር ይባላል? እንዳየሁት አፈርኩ። አፍሬም መሄድ አቃተኝ። ቆሜ ቀረሁ።» ዓይኑን ወደ ዴልፊን አነሳ። «ያኔውኑ ተመልሼ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ዴልፊን ይቅርታ ጠየቀውና ለቀቀው።

*

«ከዜሮ እንጀምር» አለች ፔርላ በመኪናው ውስጥ። «የዚያን ቤት ነገር ሁሉ በግድግዳው በኩል የሚሰማ ሰው አንድ ነው። በዚያኛው ጎን ያለው ቤት ባዶ ነው፤ ባለቤቱ ቁልፉን ከተረከበ ወዲህ አልገባበትም።»

ፍሎርዴሊዛ ለሐዘኑ ከሥራ ቀርታለች። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቶ ቤቱ ጨለማ ነው። ጃኔላ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ዴልፊን ስለ ረቡዕ ማታው ጠብ እንደገና ጠየቃት፤ ትናንት የተናገረችውን ያንኑ ደገመች።

«ይቅርታ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳችሁ» ብላ ተነሳች። ወደ መውጫው በር ሄዳ፣ አንገቷን ብቻ ወደነሱ እንዳዞረች፣ ግራ እጇን ከበሩ በስተግራ ወዳለው ግድግዳ ሰደደች፤ ሳታይ፣ ሳትፈልግ፣ ጣቷ ማብሪያውን አገኘው። ክፍሉ በራ።

ዴልፊን ወሬውን አቋርጦ ወጣ። ፔርላ ተከተለችው። የሟቿን ቤት ከፍቶ ገባ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ፊቱን ወደ መውጫው በር አዞረ። በግራው በኩል እነዚያ ወይን ጠጅ ጣቶች አሉ። በቀኙ በኩል ማብሪያው አለ።

«ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት እንደቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች ፔርላ ቀስ ብላ። «የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነው።»

«ግድግዳ መደገፉ አልነበረም። በጨለማ መብራት እየፈለገ ነው። ሩፊኖ ቢሆን አሥራ ሁለት ዓመት የኖረበትን ቤት ማብሪያ በግራ አይፈልግም።»

«መብራት የጠፋው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። እሷ ግን ሁለት ሰዓት ነው የገባችው።»

«በአሥራ አንድ ወጣሁ አለች። ከፓሳይ።» ዴልፊን ይህን ሲል የኦፌሊያ ቃል ትዝ አለው። ስልኩን አወጣ።

ኦፌሊያ ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳች።

«ትናንት ፓሳይ ያለው ሱቅ ሁሉ በስድስት ተዘጋ ያልሽኝ እውነት ነው?»

«አሁንም?» አለች ኦፌሊያ። «ሥራ ቦታ ድረስ ደውለህ?»

«ለሥራ ነው። የጫማ መደብሮቹም ጭምር?»

«ሁሉም፣ ዴልፊን። አንድም የቀረ የለም።»

«እውነትሽን ነበር።»

«አውቃለሁ። ምርመራህ ሲያልቅ የኔም መዝገብ ይዘጋ እንደሆነ ንገረኝ።» ስልኩን ዘጋችው።

ፔርላ በበኩሏ ወደ ጫማ መደብሩ ደወለች። አዎ፣ በስድስት ሰዓት ሁሉንም አሰናብተናል አሏት። ፍሎርዴሊዛ ከሁሉ ቀድማ ነበር እየሮጠች የወጣችው።

*

ፍሎርዴሊዛ ተመልሰው ሲገቡ ስትመለከታቸው ገባት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

«በጎርፉ ምክንያት ከኋላ፣ በፈረሰው አጥር በኩል ነው የመጣሁት» አለች። «ደስ ብሎኝ ነበር። በሥራ ቀን ገና ሳይመሽ ቤቴ ስደርስ የመጀመሪያዬ ነው። ከልጄ ጋር መክሰስ እበላለሁ ብዬ ነበር። ደጄ ላይ ስደርስ ጃኔላ ከዚያኛው ቤት ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ‹እማዬ፣ ስንት ዳቦ ልግዛ?› አለች።»

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሳበች።

«‹ወዬ› አልኩ። ዝናቡ ድምፄን በላው። ከውስጥ ‹ስድስት› የሚል መጣ። ስድስት። ሁለት ለሷ፣ ሁለት ለባሏ፣ ሁለት ለልጄ። ልጄ እየሮጠች ሄደች፤ እኔን አላየችኝም።»

«ከዚያ ገቡ» አለ ዴልፊን።

«ገባሁ። ‹ውይ ፍሎር፣ በስብሰሽ! ነይ ራስሽን አድርቂ› አለችኝ። ማን ነው እማዬ በይ ያላት? አልኳት። ‹ማንም አላላትም፣ ከራሷ ነው› አለች። ደግሞ ፈገግ አለች። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ‹አንቺም እኮ ደክሞሻል› አለችኝ። ‹ሩፊኖ ከእንግዲህ መርከብ አይሄድም፤ ለምን በሥራ ቀን እኛ ጋ አታድርም? እሁድ እሁድ ትወስጃታለሽ።›» ጭኗን በመዳፏ መታች። «እሁድ እሁድ! ልጄን እንደ ቤተ ክርስቲያን በሳምንት አንዴ እንድሳለማት!»

ፎቁን አየች፤ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ ልትተኛ ስትል ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኳለች። በዚያ በኩል እሷ ሁለቴ ትመልስላታለች። ደህና እደሪ ማለታቸው ነው። እኔ አጠገቧ ተኝቼ! እኔ ይህን ቤት የወሰድኩት ለምወልደው ልጅ ብዬ ነው። ለቤቱ ስል ማኒላ ስመላለስ፣ ልጄን በግድግዳው ወሰደችብኝ። ያን ቀን ‹እሁድ እሁድ› ስትል ገፋኋት። ድስቱን እንደያዘች ወደ ኋላ ወደቀች። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፤ በዚያ ዳመና ቤቱ ጨለመ። ላበራ ግድግዳውን ዳበስኩ፤ ዳበስኩ፤ ማብሪያው የለም። የሰው ቤት መሆኑን የዚያን ጊዜ አስታወስኩ።»

«ሰው ለምን አልጠራሽም?» አለች ፔርላ።

«ፈራሁ። እጄን በዝናቡ ታጥቤ በመጣሁበት አጥር ወጣሁ። ሁለት ሰዓት እስኪሆን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ተቀመጥኩ።»

«ልጅሽ ዳቦ ገዝታ እንደምትመለስ» አለች ፔርላ «ታውቂ ነበር። ማን እንደሚያገኛት ታውቂ ነበር።»

ፍሎርዴሊዛ አንገቷን ደፋች። «አዎ» አለች።

የፍሎርዴሊዛ እህት ቅርብ ባለችው ከተማ ዳስማሪኛስ ነው የምትኖረው፤ መጥታ ልጅቷን እንድትወስድ ተደወለላት። እስክትደርስ መጠበቅ ነበረባቸው። ጃኔላ ዓይኗን እያሸች ከፎቅ ወረደች። ፖሊሶቹን አየች፣ እናቷን አየች።

«አክስቴ ልትወስደኝ ነው?»

«ለጥቂት ቀን» አለች ፍሎርዴሊዛ። ወደ ዴልፊን ዞረች። «ፀጉሯን ልሥራት።»

ፔርላ ራሷን ልትነቀንቅ ስትል ዴልፊን በእጁ ከለከላት። ካቴናውን ኪሱ ውስጥ ከተተና መስኮቱ አጠገብ ቆመ።

ልጅቷ በእናቷ ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች። ፍሎርዴሊዛ አበጠረቻት፤ ፀጉሯን ሁሉ ወደ ኋላ ሰብስባ መጎንጎን ጀመረች።

«እንደሱ አይደለም» አለች ጃኔላ።

«ምኑ?»

«በሁለት ነው የምትሠራኝ። አንቺ በአንድ ጀመርሽው።»

የፍሎርዴሊዛ እጅ ቆመ። ዴልፊን ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ፔርላም አንድ እርምጃ ቀረበች። ሴትየዋ ግን የጎነጎነችውን ቀስ ብላ ፈታች። በማበጠሪያው ጫፍ ፀጉሩን መሐል ለመሐል ከፈለችው።

«እንደዚህ?»

«አዎ። ጠበቅ አድርጊው፤ እሷ ጠበቅ ታደርገዋለች።»

ጠበቅ አደረገችው። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ያዘች፤ ፍጥነቷን ቀነሰች። ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ዛሬ ሥራ አትሄጂም?» አለች ጃኔላ።

«አልሄድም።»

«ነገስ?»

«ነገም አልሄድም» አለች ፍሎርዴሊዛ፤ የጉንጉኑን ጫፍም በላስቲክ አሰረችው።